ክርክር፦ የካርቦን ዋጋ ወይስ የዋጋ ዋስትና?

ለጅማ ልጆች የቀረበ ጥያቄ፦ የግል አምራቾች በሚወዳደሩበት የኤሌክትሪክ ገበያ ልቀትን ለመቀነስ የቱ ይሻላል? በካርቦን ላይ ዋጋ መጣል ወይስ ለንፋስና ለፀሐይ አምራች የዋጋ ዋስትና መስጠት? ለእኛስ? (መላሾቹ በጅማ ሰፈሮቻቸው ስም ተጠርተዋል።)

ሂርማታ፦ የካርቦን ዋጋ። ብሪታንያን እዩ። ከድንጋይ ከሰል አንድ ሜጋ ዋት ሰዓት ሲመነጭ 0.9 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ከጋዝ 0.4 ቶን ገደማ። እ.ኤ.አ. በ2015 አገሪቱ የጣለችው የካርቦን ታክስ በቶን 18 ፓውንድ ሲደርስ ከሰሉ ላይ 16፣ ጋዙ ላይ 7 ፓውንድ ገደማ አረፈ። ገበያው ቀድሞ የሚጠራው ርካሹን አምራች ስለሆነ በዚያ ልዩነት ጋዙ ከከሰሉ ቀድሞ ይጠራ ጀመር። በ2012 40 በመቶ አካባቢ የነበረው የከሰል ድርሻ በ2016 ከ10 በመቶ በታች ወረደ፤ የመጨረሻው ጣቢያ በ2024 ተዘጋ።

ጅሬን፦ እህቴ፣ ስሌትሽ ልክ ነው፤ የጋዝ መርከስም አግዟል። ግን ጋዝ ጣቢያዎቹ ቀድመው ተሠርተው ነበር። የካርቦን ዋጋ ያለውን ወረፋ ያስይዛል እንጂ አዲስ አያስገነባም። የአውሮፓ የልቀት ፈቃድ ገበያ፣ ማለትም ካርቦን የመልቀቅ ፈቃድ የሚሸጥ የሚገዛበት፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጀመር ፈቃድ ከልክ በላይ ስለታደለ በ2007 ዋጋው ወደ ዜሮ ተጠጋ። በእንዲህ ዓይነት ዋጋ የትኛው ባንክ ያበድራል? ብሪታንያም ራሷ ለንፋስ የ15 ዓመት የልዩነት ውል አመጣች። የውሉ ዋጋ በሜጋ ዋት ሰዓት 60 ፓውንድ ቢሆንና በገበያው 40 ቢሸጥ አምራቹ 20 ይጨመርለታል፤ ገበያው 90 ሲደርስ ደግሞ 30 ይመልሳል።

ቦሳ ኪቶ፦ አንድ ቀዳዳ አለው። ንፋስ በርትቶ ፍላጎት ሲቀንስ ዋጋው ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ማለትም ሻጩ ራሱ ከፍሎ ኃይሉን ይሰጣል፤ ልዩነቱ የሚከፈለው አምራች ግን ማሽኑን አያቆምም። ስለዚህ ውሉ ላይ «ዋጋው ከዜሮ በታች በሆነበት ሰዓት ክፍያ የለም» ተብሎ መጻፍ አለበት። የብሪታንያ አዳዲሶቹ ውሎች እንዲህ ናቸው።

ሂርማታ፦ እሺ ጋሼ፣ ለእኛስ? የኤሌክትሪክ መረባችን ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ የሚመነጭ ነው፤ እዚሁ ደጃችን ያለው ግልገል ጊቤ አንድ ብቻ 184 ሜጋ ዋት ነው። ከወረፋ የሚወጣ ከሰል የለንም።

ጅሬን፦ ለዚህ ነው ውሉ የሚበጀን። በጋ ላይ ግድቡ ሲጎድል ንፋሱ ይበረታል፤ ይተጋገዛሉ። የምፈራው ምንዛሪውን ነው። ኃይሉን የሚገዛው የመንግሥት ድርጅት ከደንበኛ የሚሰበስበው ብር ነው፣ የግል አምራች የሚጠይቀው ዶላር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 አለፈ። ለምሳሌ በ6 ሳንቲም ዶላር የተገዛ ኪሎ ዋት ሰዓት ከ3.40 ብር ወደ 6 ብር ዘለለ ማለት ነው። ከክፍያው የተወሰነው ክፍል በብር ካልታሰረ ኪሳራው በታሪፍ ዞሮ እኛው ላይ ያርፋል።

ሂርማታ፦ ልቀቱ ግን ያለው ከመረቡ ውጭ ነው። ቡና መፈልፈያ ጣቢያ መብራት ሲጠፋ 20 ኪሎ ዋት በጄኔሬተር ለ8 ሰዓት ቢሠራ ወደ 50 ሊትር ናፍጣ ይበላል፤ ያ ከ130 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ በአንድ ቀን። እዚህ ላይ የናፍጣ ታክስ ቢጨመር የሚጎዳው ገበሬው ነው፣ ምክንያቱም አማራጭ የለውም።

ቦሳ ኪቶ፦ ፀሐይ ይተካዋል እንዳትሉ። እሸቱ ከሰዓት በኋላ ተለቅሞ ይመጣል፣ በዚያው ዕለት መፈልፈል አለበት፤ ማሽኑ የሚዞረው አመሻሽና ሌሊት ነው። ባትሪ የሌለው ፓኔል አይደርስለትም። ጣቢያው ድረስ የሚመጣው መስመርና ትራንስፎርመሩ ከለቀማው በፊት፣ ነሐሴ ላይ ይፈተሽ።