ክሬዲት የማስተካከል ንግድ፦ ማን ይክፈት፣ ማንስ ይክፈል?

ታዛቢው
ባለፈው እሑድ አንድ ወገናችን በቀጥታ ሥርጭት ወጥቶ «የክሬዲት ጥገና ንግድ ለመክፈት ላፕቶፕና የደብዳቤ ናሙና ይበቃችኋል፤ ፈቃድ የሚጠይቃችሁ የለም፤ ደንበኛውን ገና ሲመዘገብ ታስከፍሉታላችሁ» እያለ ለሥልጠናው 900 ዶላር ሲጠይቅ ሰማሁ። የክሬዲት ጥገና ማለት የሰውን የብድርና የዕዳ ታሪክ ሪፖርት በክፍያ አስተካክላለሁ ማለት ነው። ከሥሩ የሚጻፈው አስተያየት ደግሞ «ቦታ ያዝልኝ» የሚል ብቻ ነበር። በፈረንጆቹ 1996 የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ቃል የተገባው ሥራ ተሠርቶ ሳያልቅ ከደንበኛ አንዲት ሳንቲም መቀበልን ይከለክላል፤ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ደንበኛው ከመፈረሙ በፊት መብቱን የሚዘረዝር ወረቀት እንዲሰጠው፣ ከፈረመም በኋላ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ያለ ምክንያት መሰረዝ እንዲችል ያዛል። ሜሪላንድም ፈቃድና የዋስትና ቦንድ ትጠይቃለች። ይህን የማያውቅ ሰው አሠልጣኝ ከሆነ ሠልጣኞቹ ምን ሊሆኑ ነው?

ባለፈቃዱ
ሰውየውን አልደግፈውም፤ ነገር ግን በእሱ ሰበብ ሙያው በሙሉ ሲሰደብ ዝም ብዬ አላይም። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ፈቃዱንም ቦንዱንም ይዤ የምሠራ ነኝ፤ የማስከፍለውም የወሩ ሥራ ካለቀ በኋላ ነው። ደንበኞቼ በአብዛኛው ትራክ የሚነዱ ወይም በሆስፒታልና በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ናቸው። የሰዉን የብድር ታሪክ ለሚመዘግቡት ሦስት ቢሮዎች፣ ለኢኩዊፋክስ፣ ለኤክስፒሪያንና ለትራንስዩኒየን፣ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ሲጽፉ፣ መልስ ሲጠብቁ፣ እንደገና ሲጽፉ መክረም አይችሉም። ጊዜ የሌለው ሰው ጊዜ ይገዛል፤ ነውሩ ምኑ ላይ ነው?

ሰናይት ዘአትላንታ
«ጊዜ የሌለው ሰው ጊዜ ይገዛል» አሉን። የሚሸጡልን የትኛውን ጊዜ እንደሆነ ቢነግሩን መልካም ነበር። ቢሮው አቤቱታውን የሚያጣራበትን 30 ቀን ማሳጠር አይችሉም። ትክክለኛ የሆነ ያልተከፈለ ዕዳ ሪፖርት ላይ የሚቆይበትን 7 ዓመት፣ ወይም ቻፕተር ሰቨን በሚባለው የኪሳራ ሕግ ክፍል ኪሳራ ያወጀ ሰው የሚጠብቀውን 10 ዓመት ማሳጠር አይችሉም። የተመዘገበው ነገር ስሕተት ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ያለ ክፍያ ያስነሣዋል፤ ሪፖርቱንም በየሳምንቱ በነጻ ማየት ይችላል። እኛ ያለንበት ጆርጂያ ውስጥማ ይህን ንግድ ለትርፍ መክፈት፣ እንደ ጠበቃ ሕጉ ለይቶ ካወጣቸው ጥቂቶች በስተቀር፣ በወንጀል ያስጠይቃል። ያን ሥርጭት ሲከታተሉ ከነበሩት መካከል «የአትላንታውን ቅርንጫፍ ለእኔ» ያለ ሰው አይቻለሁ፤ ምናልባት ጠበቃ ይሆን ይሆናል።

ባለፈቃዱ
እህቴ፣ በነጻ ይቻላል ማለትና በቀላሉ ይቻላል ማለት ይለያያሉ። አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ አንዲት እናት ደንበኛዬ ኢንሹራንሳቸው የከፈለው የሆስፒታል ሒሳብ ኮሌክሽን ገብቶባቸው፣ ማለትም ለዕዳ ሰብሳቢ ተላልፎባቸው፣ ነበር። የተከፈለ የሕክምና ዕዳ ከ2022 ጀምሮ፣ ከ500 ዶላር በታች የሆነውም ከ2023 ጀምሮ ከሪፖርት እንዲወጣ ሦስቱ ቢሮዎች ወስነዋል፤ የእሳቸው ግን ከ500 በላይ ስለነበረና ኢንሹራንሱ መክፈሉን ማንም ስላላሳወቀ እንዳለ ቀረ። እሳቸው ደግሞ ክስ የመጣ መስሏቸው ፖስታዎቹን ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ ያጠራቅሙ ነበር። እነዚያን ፖስታዎች አንድ በአንድ የከፈትኩት፣ ኢንሹራንሱ ዘንድ ስልክ ይዤ የጠበቅሁት እኔ ነኝ። ይህ ጊዜ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ታዛቢው
ለእናታችን ያደረጉት መልካም ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ይሁን እንጂ ጊዜ ሻጭ ነኝ የሚል ሰው የሚያስከፍለው በሰዓቱ ልክ ነው። በዚህ ንግድ ውስጥ ያሉት ግን ወይ በተነሣው ዕዳ ብዛት ያስከፍላሉ፣ ወይ ደንበኛው ተስፋ ቆርጦ እስኪያቋርጥ ድረስ በየወሩ ይቆርጣሉ። ከአገሪቱ ትልልቆቹ አስተካካዮች መካከል የነበሩት ሌክሲንግተን ሎውና ክሬዲት ሪፔር ዶት ኮም በ2023 የ2.7 ቢሊዮን ዶላር ፍርድ የተፈረደባቸው በዚሁ የክፍያ ጉዳይ ነው፤ በስልክ ለሚሸጥ የክሬዲት ጥገና ክፍያ የሚፈቀደው ውጤቱ በሪፖርት ከታየ ከ6 ወር በኋላ ሲሆን እነሱ ግን ሳይጠብቁ ይቀበሉ ነበር። በ2024 መጨረሻም 1.8 ቢሊዮን ዶላር ለ4.3 ሚሊዮን ሰዎች እንደሚመለስ ተነገረ። ያን ያህል ጠበቃ የቀጠረ ድርጅት ያልዘለቀበትን መንገድ ላፕቶፕና ናሙና የያዘ ሰው እንዴት ይዘልቀዋል?

አንጋፋው ነዋሪ
ልጆቼ፣ ስለ ሕጉ የተባለውን አልቃወምም፤ የገባኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ገበናን አደባባይ አውጥቶ ከመዘርዘር ሰውየውን ለብቻው ጠርቶ መምከር አይሻልም ነበር? እኛ ከመጣን ጀምሮ ዳኛና ጸሐፊ ሰይመን እቁብ ስንጥል ኖረናል፤ አንድ ዙር ሳናዛንፍ ከፍለን ታክሲም ቤትም የገዛን ሰዎች ነን። ያ ሁሉ ክፍያ በየትኛውም ቢሮ ሪፖርት ላይ አይታይም። መጤውን «ታሪክ የለህም» ብሎ የሚያባርር ሥርዓት እያለ፣ ለማገዝ በሚነሣው ልጃችን ላይ ብቻ ጣት መቀሰር ደግ አይመስለኝም።

ሰናይት ዘአትላንታ
ጋሼ፣ እቁቡ አለመቆጠሩ በእርግጥ ያስቆጫል። ነገር ግን የእቁብ ዳኛ ዕጣው ሳይወጣ ብሩን ይዞ ቢጠፋ ለብቻው ጠርተው ይመክሩት ነበር?

አንጋፋው ነዋሪ
ዳኛ ይዞ ሲጠፋ አላየሁም። ነገር አታጣምሚብኝ።

የታክስ ሰው
በጥቅሉ ከምንነጋገር አንድ ጉዳይ ላቅርብ። ታክሱን ሊያሠራ የመጣ አንድ የትራክ ሾፌር ለሁለተኛ ትራክ የጠየቀውን ብድር ተከልክሎ ስለነበር ወረቀቶቹን ሁሉ በፌስታል ይዞ መጣ። ስሙን የማልጠራው አንድ አስተካካይ ለሦስቱም ቢሮዎች የላከው ደብዳቤ ከአድራሻው በቀር ቃል በቃል አንድ ዓይነት ነበር፤ በሾፌሩ ስም ያለውን ዕዳ በሙሉ፣ በየወሩ እየከፈለ ያለውን የመጀመሪያውን ትራክ ብድር እንኳ ሳይተው፣ «የእኔ አይደለም» ይላል። አንዱ ባንክ በጊዜው መልስ ባለመስጠቱ ቻርጅ ኦፍ የተደረገ፣ ማለትም ባንኩ አይመለስም ብሎ እንደ ኪሳራ የመዘገበው፣ የክሬዲት ካርድ ዕዳ ከሪፖርቱ ተነሣ፤ ስኮሩ፣ ማለትም የክሬዲት ነጥቡ፣ ከፍ አለ፤ አስተካካዩ ያን ቁጥር ለማስታወቂያ ለጠፈው፤ ሒሳቡንም ተቀበለ። በኋላ ባንኩ ዕዳው ትክክል መሆኑን ሲያረጋግጥ ቢሮው መልሶ አስገባው። ሕጉ ይህን ይፈቅዳል፤ ቢሮው በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ለባለቤቱ እንዲያሳውቅ ብቻ ነው የሚያስገድደው። ማሳወቂያው ሳይከፈት ፌስታሉ ውስጥ ነበር።

የባሰው ግን ገና ነው። ሾፌሩ መንገድ ላይ ሆኖ በስልኩ በጣቱ ከፈረማቸው ገጾች አንዱ ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የሚቀርብ የማንነት ስርቆት መግለጫ ነበር። በዚህ መግለጫ መሠረት ቢሮው በ4 የሥራ ቀናት ውስጥ ዕዳውን ከሪፖርቱ ላይ ማገድ ስለሚኖርበት አቋራጩ በእነዚህ ሰዎች ዘንድ የተወደደ ነው። ካርዱን ያወጣውም የተጠቀመበትም ግን ሾፌሩ ራሱ ነው፤ ማንም አልሰረቀውም። ሐሰተኛ ቃል መስጠት እንደሚያስቀጣ እዚያው ገጽ ላይ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ጊዜ ተሸጠለት እንበል፤ ያ የሐሰት ቃል ግን በማን ስም ተመዘገበ?

ባለፈቃዱ
ይህ ወንጀል ነው፤ እኔን ከዚህ ጋር አታዛምዱኝ። የ1996ቱ ሕግ ራሱ ደንበኛን ሐሰት እንዲናገር መምከርን፣ በሶሻል ሴኩሪቲ ፋንታ ሲፒኤን የሚባል ቁጥር ሰጥቶ ማንነቱን እንዲደብቅ ማድረግን ይከለክላል። እኔ ስሕተት የሆነውን ብቻ ነው የምከራከረው።

ታዛቢው
ስሕተት የሆነውን ብቻ የሚከራከሩ ከሆነ አንድ ደንበኛ ስንት ወር ይቆያል? ስሕተቱ ሲታረም ሥራው ያልቃልና።

ባለፈቃዱ
እንደ ሰውየው ሁኔታ ይለያያል።

የታክስ ሰው
ሌላም ጥያቄ አለኝ፤ ለክርክር ሳይሆን የእኔም ደንበኞች ስለሚጠይቁኝ ነው። ፈቃድዎ የሜሪላንድ ነው ብለዋል። ከወንዙ ማዶ ያሉትን ለማገልገል ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ ለብቻው መመዝገብና ቦንድ ማስያዝ ያስፈልጋል፤ ምዝገባው የሚካሄደው፣ ለሰሚው ያስቃል እንጂ፣ በእርሻና ሸማቾች አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ነው። ተመዝግበዋል?

ባለፈቃዱ
ማመልከቻው በሂደት ላይ ነው። የቨርጂኒያ ደንበኛ አለኝ ያልኩት የት ቦታ ነው?

ሰናይት ዘአትላንታ
ፖስታቸውን የከፈቱላቸው እናት አሌክሳንድሪያ ይኖራሉ ብለዋል፤ አሌክሳንድሪያ ደግሞ ያለችው ቨርጂኒያ ውስጥ ነው።

ባለፈቃዱ
እሳቸውን የረዳኋቸው እንደ እናቴ ነው፤ ያለ አንዲት ሳንቲም። ካላመናችሁ እሳቸውን ጠይቁ።

ሰናይት ዘአትላንታ
መልእክትዎ የሚለው «ደንበኛዬ» ነው።