ክርክር፦ የአእምሮ ሕክምና ሥልጠና ከደብረ ብርሃን ወደ ስልክ ይዛወር?

አወያይ፦ የወረዳ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ለአእምሮ ሕክምና ሥልጠና ደብረ ብርሃን ከሚመጡ ባሉበት በኦንላይን ይማሩ የሚል ሐሳብ ተነስቷል። ምን ትላላችሁ? ስድብ የለም።

ነርስ፣ መሃል ሜዳ፦ እደግፋለሁ። እኔ ሳምንት ስጠፋ ተመላላሽ ክፍሉን ማን ይሸፍናል? የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ሕክምና መመሪያ፣ ኤምኤችጋፕ የሚባለው፣ እኮ የተጻፈው ለስፔሻሊስት ሳይሆን ለእንደኔ ዓይነቱ ነው። ሁለተኛው እትም እ.ኤ.አ. በ2016 ወጥቷል፣ በነፃ ይወርዳል።

የሥነ አእምሮ ሐኪም፣ ደብረ ብርሃን፦ ሲስተር፣ ማንበብና በሽተኛ ፊት መቀመጥ ይለያያል። አንድ ወጣት እጁ በገመድ ታስሮ መጣ። ሠልጣኙ ቪዲዮ አይቶ ጥያቄዎቹን ሸምድዷል። ገመዱ እንዳለ፣ አባትየው አጠገቡ ቆመው «ድምፅ ይሰማሃል?» ብሎ ጀመረ። ልጁ አባቱን ገልመጥ አድርጎ ዝም አለ። አባትየውን ይቅርታ ጠይቀን ወደ ውጭ ሸኘን፣ ገመዱን ፈታን፣ ስለ ከብቶቹ ጠየቅነው። ያኔ ነው አፉን የፈታው። ይሄን የትኛው ኮርስ ያስተምራል?

ተማሪ፣ ዓለም ከተማ፦ ቪዲዮው ሲዞር ውሎ ያድራል። መጀመሪያ ኔትወርክ ስጡን 😂

ጤና መኮንን፣ ሸዋ ሮቢት፦ እውነቱን እንነጋገር፣ የክርክሩ ግማሽ የአበል ጉዳይ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የበሽተኛ ቪዲዮ «ለትምህርት» ተብሎ ተለጠፈ። ፊቱ ተሸፍኗል፣ ድምፁ ግን እንዳለ ነው። በትንሽ ከተማ ሰው በድምፁ ይታወቃል። ዶክተርም ቢሆኑ አሁን የሰው ታሪክ አወጡ።

የሥነ አእምሮ ሐኪም፦ ስምም ቀበሌም አልጠራሁም። የቪዲዮውን ግን እውነትህን ነው፣ ነውር ነው። በተዋናይ ይሠራ።

ነርስ፣ መሃል ሜዳ፦ ዶክተር፣ ስለ ገመዱ ያሉትን ተቀብያለሁ። ግን ሃሎፔሪዶል የሚባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የጀመረ ሰው ማታ አንገቱ ተጣሞ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቅሎ ይመጣል። የመድኃኒቱ ጣጣ ነው፣ በመድኃኒት ይመለሳል። ቤተሰቡ ግን «መንፈሱ ብሶበታል» ብሎ ወደ ጻድቃኔ ጠበል ሊወስደው ይነሳል። ጠበሉን አልቃወምም፣ አንገቱ ከተቃና በኋላ ይሂድ። በዚያ ሰዓት ሰርተፍኬቱ ምን ያደርግልኛል? የሚያስፈልገኝ ስልክ የሚያነሳ ሰው ነው።

የሥነ አእምሮ ሐኪም፦ የመጀመሪያው ሳምንት እዚህ፣ በአካል። ከዚያ በኋላ ክትትሉ በስልክ ይሁን ካልሽ አለሁ።

ጤና መኮንን፣ ሸዋ ሮቢት፦ በነፃ?

የሥነ አእምሮ ሐኪም፦ እሱን ለዞን ጤና መምሪያ ጠይቁልኝ። የማታው ስልክ እንደ ዲዩቲ ይታሰባል ወይስ አይታሰብም?