አሮጌው ሪፕ ይጥፋ ወይስ ይቆይ?

የማታ ተረኛ፦ ጥያቄዬ አጭር ነው። ሪፕ ራውተሮች «ወደዚህ ኔትወርክ መንገድ አለኝ» የሚባባሉበት ፕሮቶኮል ነው። ቨርዥን 1 ራውተሮች ላይ ይቆይ ወይስ ተጠራርጎ ይውጣ? እኔ ይውጣ ባይ ነኝ። በ1988 የተጻፈ ፕሮቶኮል ነው። በሚልከው መልእክት ውስጥ ሰብኔት ማስክ (ከአድራሻው የትኛው ክፍል ኔትወርኩን እንደሚያመለክት የሚናገረው ቁጥር) የለም። ተቀባዩ አድራሻውን ያያል፣ ማስኩን ይገምታል። ኔትወርክ በግምት አይመራም።

ቆየት ያለ፦ ወንድሜ፣ ቀስ በል። የሚሠራ ነገር ለምን ይነካል? ማስኩ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ከሆነ ቨርዥን 1 ምንም አያጎድልም። በየ30 ሰከንዱ ያለውን ይናገራል፣ ጎረቤቱ ይሰማል፣ አለቀ። ቨርዥን 2ም ቢሆን ያው ሪፕ ነው። ከ15 ሆፕ (ከራውተር ወደ ራውተር እርምጃ) አያልፍም። የመስመሩን ፍጥነት አያይም። ታዲያ ምን ተገኘ ብለን ሰላም ያለውን ኔትወርክ እናምሳለን?

የማታ ተረኛ፦ ጋሼ፣ ያየሁትን ልንገርዎት። ሦስት ራውተር ነበር። ግራ 10.1.1.0፣ ቀኝ 10.1.2.0፣ ሁለቱም ባለ 24 ቢት ማስክ። ከመሃለኛው ጋር የሚገናኙት በ192.168 አድራሻ ነው። ቨርዥን 1 እዚህ ድንበር ላይ ሲደርስ ሰብኔቱን (ትንሹን ክፍል) ትቶ በአድራሻው ክላስ የሚታወቀውን ትልቁን ኔትወርክ ብቻ ይናገራል። ስለዚህ ግራውም ቀኙም «10.0.0.0 እኔ ጋ ነው» አሉት። መሃለኛው ሁለቱንም አምኖ ትራፊኩን ለሁለት ከፈለው። ፒንግ (መድረሱን የሚፈትን መልእክት) ሳደርግ አንዱ ይደርሳል፣ አንዱ ይጠፋል። ኬብል ቀየርኩ። ፖርት ቀየርኩ። ሌሊቱ አለቀ። በመጨረሻ ራውቲንግ ቴብሉን (የመንገዶቹን ዝርዝር) ሳየው ለ10.0.0.0 ሁለት መንገድ ተጽፏል፣ ሁለቱም 1 ሆፕ። ስህተት አለ የሚል መልእክት የትም የለም። ተሳስቶ ዝም ማለቱ ነው የሚያስፈራኝ።

መምህርቷ፦ ይሄን ተማሪዎቼም ላይ አየዋለሁ። ግን ቨርዥን 2 ብሎ መጻፍ ብቻውን አያድንም። ብዙ አሮጌ ራውተር ላይ ኦቶ ሰመሪ (ሰብኔቶችን በራሱ በክላስ የሚጠቀልለው ቅንብር) ከመጀመሪያው በርቶ ነው የሚመጣው። ካልጠፋ ቨርዥን 2ም በክላስ ጠቅልሎ ያንኑ ጥፋት ይደግመዋል።

ቆየት ያለ፦ አየህ? እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። ችግሩ ከአዋቃሪው ነው እንጂ ከቨርዥኑ አይደለም።

መምህርቷ፦ አይ ጋሼ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። በቨርዥን 2 የሚጠፋ ነገር ስላለ ያጠፉታል። በቨርዥን 1 ማስክ የሚጻፍበት ቦታ ራሱ የለም። ደግሞ አዲሱ አይከብድም። ማስኩን ያስገቡት አሮጌው ዜሮ ብሎ በተወው ቦታ ላይ ነው። አንድ መንገድ ያኔም 20 ባይት፣ አሁንም 20 ባይት። እንዴት ያለ ጥሩ ሥራ ነው!

የማታ ተረኛ፦ የደህንነቱስ ነገር? ቨርዥን 1 በብሮድካስት ለሁሉም ይጮሃል፣ ፕሪንተሩም ሳይቀር ይሰማል። ሁለተኛው በ224.0.0.9 ለሚመለከታቸው ብቻ ይልካል። ቨርዥን 1 ማንነት አይጠይቅም፣ ላፕቶፕ ሰክቶ ውሸት የነገረውን ያምናል። ቨርዥን 2 ፓስወርድ አለው። ተራው ፓስወርድ በግልጽ ስለሚሄድ እኔ አልወደውም፣ ግን ከ1997 ጀምሮ ፓስወርዱን በግልጽ የማይልከው ኤምዲ5 መጥቷል። በ2015 ደግሞ ወደ ኢንተርኔት የተከፈቱ የቨርዥን 1 ራውተሮችን አጥቂዎች ተጠቀሙባቸው። የተጠቂውን አድራሻ አስመስለው ትንሽ ጥያቄ ይልካሉ፣ ራውተሩ ትልቁን መልስ ተጠቂው ላይ ያፈሳል። የእርስዎ ዝምተኛ ራውተር ሌላውን ሰው ይጎዳል ማለት ነው።

ቆየት ያለ፦ ይሄኛው ከበድ ይላል። ወደ ኢንተርኔት የተከፈተው ይዘጋ፣ እሺ። ግን ከቨርዥን 1 ሌላ የማይችል ዕቃ አለኝ። ልጣለው?

መምህርቷ፦ አይጣሉት። ወደሱ በሚሄደው ኢንተርፌስ (የራውተሩ ፖርት) ላይ ብቻ ቨርዥን 1 እንዲልክና እንዲቀበል ያድርጉ፣ የቀረው በ2 ይሂድ። ቅደም ተከተሉን ግን ይጠንቀቁ። መጀመሪያ ኢንተርፌሱን፣ ከዚያ ጠቅላላውን። ቀድመው ቨርዥን 2 ካሉት ራውተሩ አሮጌውን ዕቃ መስማት ያቆማል፣ በ180 ሰከንድ ውስጥ መንገዱ ይሞታል።

ቆየት ያለ፦ እሺ። ነገ በዚሁ ቅደም ተከተል እሞክረዋለሁ። ኦኤስፒኤፍ ወደሚባለው ሌላ ራውቲንግ ፕሮቶኮል ግባ ካላችሁኝ ግን ሌላ ክርክር ነው።