ስድስት ዓመት አገልግዬ ጠባዬ ለምን ባሰ?

ወለተ ጎንደር፦

እንደምን ሰነበታችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ጎንደር ነው የምኖረው። ሰንበት ትምህርት ቤት ከገባሁ ስድስት ዓመት አለፈኝ። ከአርባ አራቱ ታቦት በአንዱ ነው የማገለግለው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ ከተማው ትንሽ ነው፣ ነገ ፒያሳ ላይ ያዝ አድርገው ይጠይቁኛል። ዘምሬያለሁ፣ ሕፃናት አስተምሬያለሁ፣ አሁን ደግሞ የመስተንግዶ ክፍል ኃላፊ ነኝ። በንግሥ ቀን ለእንግዳ የሚቀርበው፣ ለአብነት ተማሪዎች የሚሰጠው፣ ድስቱ፣ ትሪው፣ ውሃው፣ ሁሉም በእኔ በኩል ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የመስተንግዶ ኃላፊ መሆን ግማሹ ሥራ ጀሪካን መቁጠር ነው።

ማገልገል ጠባይ ያንጻል ሲባል ነው ያደግሁት። አገልግሉ ትሕትና ታገኛላችሁ፣ አገልግሉ ትዕግሥት ትማራላችሁ። እኔ ላይ የተገላቢጦሽ ሆነ። ስጀምር ዝምተኛ ልጅ ነበርኩ። አሁን ቁጡ ነኝ። ሰው ሲሳሳት ዓይኔ ቶሎ ያያል፣ ስሜ ሳይጠራ ሲቀር ያንገበግበኛል። ባለፈው ጉባኤ ምስጋና በማይክ ሲነበብ የእኛ ክፍል ተዘለለ። አንባቢው ረስቶ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ከሆዴ አልወጣም።

የባሰው የዘንድሮ ጥምቀት ነው። ከከተራ ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል አላየንም። ታቦቱ ከፋሲል መዋኛ ተመልሶ መንበሩ ከገባ በኋላ ሰው ለምግብ ተሰልፏል፣ እንጀራው እያለቀ ነው፣ እኔ ጭልፋ ይዤ ቆሜያለሁ። አንዲት እሙሃይ ሁለተኛ ሰሃን ይዘው መጡ። «እርስዎ ቅድም ወስደዋል እኮ!» አልኳቸው። ጮኬ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሰሃኑን ዝም ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ሄዱ። ለማን ሊወስዱ እንደነበር አላውቅም። ለራሳቸውም ሊሆን ይችላል፣ ርቧቸው ይሆናል፣ እኔን ምን አገባኝ?

ማታ ቤት ስገባ እናቴ ብቻዋን የቡና ዕቃ ታጥባለች፣ እንግዳ ነበረባት። አልፌያት ልተኛ ስል «ለደብሩ ሦስት መቶ ትሪ ታጥቢያለሽ፣ ለእኔ አንድ ስኒ አታነሺም» አለችኝ። ተናድጄ በሩን ድርግም አድርጌ ዘጋሁት።

እና ልተወው እንዴ? ወይስ እናንተም እንዲህ ሆናችሁ ታውቃላችሁ? ጸልዪበት ብቻ አትበሉኝ፣ እየጸለይኩ ነው።

የፒያሳው፦

እታለም፣ መጀመሪያ ተኚ። እኔ ሥርዓት አስከባሪ ነበርኩ፣ ምንጣፍም አንጥፌያለሁ፣ በጥምቀት ሰሞን የምንጣላው ግማሹ ጠብ ከእንቅልፍ ማጣት ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት መላእክት ዓይናቸውን ሳይከድኑ የሚያድሩት ስለማይደክማቸው ነው፣ አንቺ ግን ሰው ነሽ። ለአንድ ወር ፈቃድ ጠይቂና ቅዳሴ ብቻ አስቀድሺ። ከዚያ በኋላም ቁጣው ካለ ያኔ እንነጋገራለን።

የቆሎ ተማሪ የነበረ፦

እህቴ፣ ድካሙ እንዳለ ሆኖ ሌላ ነገር ልንገርሽ።

ወደ ጎንደር የመጣሁት በልጅነቴ ነው፣ የበአታ ቤተ ክርስቲያንን የአቋቋም፣ ማለትም በከበሮና በጸናጽል የሚዜመውን ዜማ፣ ስም ሰምቼ። ዜማ ልማር የመጣሁ መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ የተማርኩት ግን ውሃ መቅዳት ነው። እንጨት መልቀም። ለየኔታ የእግር ውሃ ማሞቅ። ከዚያ አኩፋዳ አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ደጅ ለደጅ መዞር፣ የውሻውን ነገር ተዪው። የተገኘው ቁራሽ አንድ ላይ ተደርጎ ይበላል፣ አኩፋዳ ሞልቶ የመጣውም ባዶ እጁን የመጣውም እኩል።

ከመካከላችን ድምፁ እጅግ የሚያምር ልጅ ነበር። የኔታ ታዲያ በበዓል ዋዜማ፣ ሁሉም ሰው ያን ልጅ ሊሰማ በሚጓጓበት ቀን፣ እንጨት ይሰዱታል። ጭካኔ ይመስለን ነበር። ልጁ መጀመሪያ መጀመሪያ ያለቅሳል። በኋላ ማልቀሱን ተወው፣ መጥረቢያውን ይዞ ሳይጠየቅ ይወጣ ጀመር። ከዚያ ወዲያ ሲያዜም ድምፁ ሌላ ሆነብን፣ ወይም እኛ ሌላ ጆሮ አወጣን፣ እንጃ።

ገዳምም እንዲሁ ነው። ሊመነኩስ የመጣ ሰው ወዲያው ቆብ አይደፋም። በአመክሮ ይቆያል፣ ይፈጫል፣ ይጋግራል፣ ውሃ ይቀዳል። መጋገር መቻሉን ማን ጉዳዬ ይለዋል? የሚታየው ሲታዘዝ፣ ሲናቅ፣ ማንም ሳያመሰግነው ሲቀር ምን እንደሚሆን ነው።

በቀጥታ ስለምናገር ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ቁጣው ድሮም የነበረ ይመስለኛል። ዝምተኛ የነበርሽው የሚነካሽ ስላልነበረ ይሆናል። ጭልፋው አወጣብሽ። ጸሎተ ሐሙስ ማታ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ ይሁዳም እዚያው ተቀምጦ ነበር፣ የእሱም እግር ታጥቧል። እኛ ግን ሕፅበተ እግር ሲደርስ ጉልባኑን ነው የምናስበው።

እኔን ብትሰሚኝ ኃላፊነቱን አስረክቢና ትሪ አጣቢ ሁኚ። ማይክ የማይደርስበት ቦታ።

የፒያሳው፦

መሪጌታ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ኃላፊነቱን ጥላ ብትሄድ ማን ላይ ነው የሚወድቀው? ከእሷ ያነሰ ልምድ ያላት ልጅ ላይ፣ ከዚያ ያቺም በተራዋ አሮጊት ላይ ትጮሃለች።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አስታውሱት። ኢየሩሳሌም የነበሩት ክርስቲያኖች ያንጎራጎሩት በምን ነበር? በምግብ እደላ! ግሪክ ተናጋሪዎቹ መበለቶቻችን በየዕለቱ እደላ ይረሳሉ ብለው ነው። ሐዋርያት ታዲያ ታገሡ ብለው አላለፉትም። በመልካም የተመሰከረላቸው፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው ሰባት ሰዎች አስመረጡ፣ እስጢፋኖስ ከነሱ አንዱ ነው። ማዕድ ለማገልገል ጥበብ የተጠየቀው በከንቱ አይደለም።

ሥርዓት አስከባሪ ሆኜ ያየሁትን ልንገርሽ። ሰው ሁለት ጊዜ ከመጣ ወይ ሰሃኑ አንሷል፣ ወይ መሰለፍ የማይችል ሰው ግንብ ሥር ተቀምጧል። ሁለት ልጅ መድቢና ቆመው ለማይሰለፉት እየዞሩ ያድርሱላቸው። ሰልፉም ያጥራል፣ አንቺም የምትጮሂበት ምክንያት ይቀንሳል። ሁሉን ነገር ወደ ልብ ምርመራ አትውሰዱት፣ አንዳንዱ የሰሃን ጉዳይ ነው።

የቆሎ ተማሪ የነበረ፦

መሪጌታ አይደለሁም፣ መንገድ ላይ የቀረሁ ነኝ፣ አሁን ቅዳሜ ገበያ ሱቅ አለኝ። የሰሃኑ ነገር እውነትህን ነው፣ ወንድሜ፣ አላሰብኩትም ነበር። ግን በማይኩ ሁለት ቀን የተቃጠለችውስ? ለዚያ ምን ዓይነት ሰሃን ትጨምርላታለህ?

የፒያሳው፦

ሃሃሃ፣ ለዚያ የለኝም። ለዚያ የአንተ የኔታ ይሻሉ።

ጎረቤት ነኝ፦

እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ፣ እዚሁ ማራኪ። ክርክር ይዤ አልመጣሁም። እኛም ጋ ያው ነው፣ ኳየር ውስጥ ማን ፊት ቆመ ተባብለው የተኮራረፉ አሉ፣ እኔ ራሴ አንዱ ነበርኩ። 1ኛ ቆሮንቶስ 13፥3 ላይ ጳውሎስ ያለኝን ሁሉ ለድሆች ባካፍል፣ ፍቅር ግን ከሌለኝ ምንም አይጠቅመኝም ይላል። ይህን ሳነብ መጀመሪያ የገረመኝ፣ ለካ ያለ ፍቅርም ያን ያህል መስጠት ይቻላል። ድሃው ግን እንጀራውን በልቷል። የከሰርኩት እኔ ነኝ። በርቺ እህቴ።

እናት ከአዘዞ፦

ልጄ፣ እኔ እየነገርኳት የምትጽፍልኝ ትንሿ ልጄ ናት፣ ስህተት ካለበት የእሷ ነው።

የማርያም ጽዋ አለን፣ በወር በወር በ21። በወጣትነቴ ተራዬ ሲደርስ የማስበው ጠላዬን ብቻ ነበር። የእኔ ይበልጣል ወይስ የዚያች የጎረቤቴ? ድሆች ደጄ ላይ ተቀምጠው እኔ ጠላው ቀጠነብኝ ብዬ ጓዳ ገብቼ አልቅሻለሁ፣ ማርያምን። ለእመቤታችን ነው እል ነበር። ለሴቶቹ አፍ ነበር።

ከዚያ አንድ ዓመት ታመምኩ። ክፉኛ ነው፣ ተነሥቼ መቀመጥ እንኳ አቃተኝ። ተራዬም በዚያው ወር ዋለ። ጽዋው ቤቴ ሳይመጣ ሊቀር ነው ብዬ ስጨነቅ ማኅበርተኞቹ ድፎውን ራሳቸው ደፍተው፣ ጠላውን ተሸክመው፣ ከነጽዋው መጡ። ቄሱም ከአልጋዬ አጠገብ ጸሎት አደረጉ። ሌሎቹ ሲሄዱ ያቺ ጠላዋን የምንቅባት ሴት ቀረች። ገላዬን አጠበችኝ። «ውሃው ፈጀሽ ወይ? ልጨምርበት?» እያለች፣ እንደ ሕፃን፣ ሳትቸኩል። በኀፍረት ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እሷ ደግሞ ያመመኝ መስሏት ይብስ ታባብለኛለች።

ማገልገል የተማርኩት ያን ቀን ነው፣ ተኝቼ። አንድ ሰው እላይሽ ላይ ቆሞ ሲሰጥሽ ዓይኑ ምን እንደሚል የሚገባሽ ተቀባይ ስትሆኚ ነው። አንቺ ስድስት ዓመት ከጭልፋው ወዲያ ነው የቆምሽው። አንድ ቀን ነጠላሽን ተከናንበሽ ከሰልፉ ጋር ቁሚ እስኪ።

ደግሞ የእናትሽን ስኒ እጠቢ። ሌላ ሌላውን ኋላ ትደርሺበታለሽ። እሙሃይንም ፈልጊያቸው፣ የዘወትር የደጀ ሰላም ሰው ከሆኑ የት ይሄዳሉ። ነገሩን ሁሉ ለነፍስ አባትሽ ንገሪ፣ እዚህ ለማናውቅሽ ለእኛ ከነገርሽ ለሳቸው መንገር አይከብድሽም።

ወለተ ጎንደር፦

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ሁላችሁንም አንብቤያችኋለሁ። የቆሎ ተማሪው ያልከኝ መጀመሪያ አናደደኝ፣ ስልኩን ወርውሬው ነበር፣ ማታ ደግሜ አነበብኩት።

ስኒ ማጠብ ጀመርኩ። የመጀመሪያ ቀን እናቴ «አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ እሷ እንደምትፈልገው አላጠብሽም ብላ ፊቴ ላይ እንደገና አጠበችው። ከሦስት መቶ ትሪ ይልቅ ያቺ ስኒ ከበደችኝ፣ አልዋሽም። አንድ ቀን ተናግሬያታለሁ። በማግስቱ ግን በሩን አልዘጋሁም።

ነፍስ አባቴ ጋ ሄድኩ። ያሉኝን ሁሉ አልጽፍም። ኃላፊነቱን አትልቀቂ አሉኝ፣ ግን ጭልፋውን ለሌላ ስጪና በንግሥ ቀን ለማይሰለፉት አንቺው ራስሽ ሰሃን አድርሺ አሉኝ። የፒያሳው ያልከውን ሁለት ልጅ መመደብ ነገርኳቸው፣ «አንዷ አንቺ ነሽ» ብለው ሳቁ። ባለፈው ንግሥ አደረግሁት። ከግንቡ ሥር አሥራ አንድ ሰው ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ በኩል አልፌ አላውቅም፣ ወጥ ቤቱ በሌላው በኩል ነዋ።

እሙሃይም እዚያ ነበሩ። ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። የጥምቀቱን ነገር ጨርሶ አላስታወሱትም፣ ወይም አላስታውስም ማለታቸው ነው። «የትኛዋ ነሽ አንቺ? ያቺ ቀጭኗ?» አሉኝ። አዎ አልኩ። ስለ ሁለተኛው ሰሃን ልጠይቃቸው ከአፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያ ውሃ ቅጂልኝ» አሉኝ፣ እንደ ልጃቸው። ቤታቸው አንዲት ክፍል ናት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል። አሁን የእኛ ሰፈር ውሃ በሚመጣበት ቀን አንድ ጀሪካን አደርስላቸዋለሁ። ምስጋና የሚባል አያውቁም። ባለፈው «ዘገየሽ» አሉኝ፣ ደሜ ፈላ፣ መልሼ ግን አልተናገርኩም።

አንድ ነገር ግን አስቸግሮኛል። ጀሪካናቸው ክዳኑ ጠፍቶ በላስቲክ ነው የሚታሰረው፣ ቁልቁለቱ ላይ እየፈሰሰ ጫማዬን ጨረሰው። የሃያ ሊትሩ ቢጫ ነው። ትርፍ ክዳን ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።