የመዳብ ፊልሜ ለምን ላስቲክ ሆነብኝ?

የሳቢያኗ፦ ሰላም ናችሁ የድሬ ልጆች። ለማስተርስ መመረቂያዬ የመዳብ ስስ ፊልም በላምፕስ (የአተሞችን እንቅስቃሴ በኮምፒዩተር በሚያሰላው ፕሮግራም) እየጎተትኩ ነው። ፊልሙ አንድ ወጥ ክሪስታል ነው፣ ውፍረቱ 10 ናኖሜትር። የሳጥኑ ቁመት ግን 30 ናኖሜትር ነው፤ ከላይና ከታች ባዶ ቦታ ትቻለሁ። የምጎትተው በ300 ኬልቪን፣ በ1 0 0 አቅጣጫ (በክሪስታሉ ኪዩብ ጠርዝ) ነው። የስትሬስና የስትሬን (ለስፋት የተካፈለው ኃይልና ፊልሙ ከርዝመቱ አንጻር የተለጠጠው) ግራፌ መነሻው ላይ ስሎፑ 22 ጊጋፓስካል ወጣ። መጽሐፍ ላይ የመዳብ ያንግ ሞዱለስ (ግትርነቱ፣ ያው ስሎፑ) 120 አካባቢ ነው። ይሄ መዳብ ነው ላስቲክ? ስትሬሱም ኔጌቲቭ ነው የሚመጣው። «ፖቴንሻሉን (አተሞቹ የሚሳሳቡበትንና የሚገፋፉበትን ቀመር) ቀይሪ» ተብዬ ቀየርኩ፣ ያው ነው። በዛ ላይ መብራት እየጠፋ ሦስት ጊዜ ከዜሮ ጀምሬያለሁ። እባካችሁ!

የከዚራ ጥላ፦ እህቴ፣ ፖቴንሻሉን ተዪው። ጣጣው ከሳጥኑ ነው። ላምፕስ ፕሬዠር (ስትሬስሽ የሚወጣበትን) ሲያሰላ የሚያካፍለው ለሳጥኑ ሙሉ ቮልዩም ነው። ባዶውንም እንደ መዳብ ይቆጥርብሻል። ሳጥንሽ 30፣ ፊልምሽ 10፤ ስትሬስሽ ሲሶ ሆኖ ነው የወጣው። በ3 አባዢው፣ 66 ይሆናል። ኔጌቲቩ አያስጨንቅሽ። ፕሬዠር ፖዘቲቭ የሚሆነው ሲጨመቅ ነው፣ ስትጎትቺ ይገለበጣል። 10,000 ባር 1 ጊጋፓስካል መሆኑንም እንዳትረሺ። እኔ ይሄን ሳላውቅ አንድ ወር አቃጥያለሁ።

የሳቢያኗ፦ ተባረክ! ግን 66ም የ120 ግማሽ ነው እኮ። ሌላም ስህተት አለ ማለት ነው?

ሽቦ ጎታች፦ የለም፣ እሱ ልክ ነው። የመጽሐፉ ቁጥር በየአቅጣጫው የተኙ የብዙ ግሬይኖች (ጥቃቅን ክሪስታሎች) አማካይ ነው። አንድ ክሪስታል ግን በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይጠነክርም። መዳብ በ1 0 0 ወደ 67፣ በ1 1 1 (ከኪዩቡ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን) ወደ 190 ጊጋፓስካል ነው። ክሪስታሉን አዙረሽ በ1 1 1 ጎትቺው። ሦስት እጥፍ ከተጠጋ ሞዴልሽ ጤነኛ ነው።

ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ ኮምፒዩተሩን አላውቅበትም፤ ያረጀሁት ምድር ባቡር ወርክሾፕ ነው። የመዳብ ሽቦ ደጋግመው ሲያጥፉት ይደርቃል፣ በእሳት ሲያሞቁት ይለሰልሳል። የእናንተ መዳብ እንደዚህ ያደርጋል?

ሽቦ ጎታች፦ ጋሼ፣ ጥሩ ቦታ ነኩ። ሽቦው ሲታጠፍ ውስጡ ዲስሎኬሽን (የአተሞች አሰላለፍ የተዛነፈበት መስመር) ይበዛል። እርስ በርስ ይተበተባሉ፣ መንሸራተት ያቅታቸዋል። ሲሞቅ ይቀንሳሉ። የእህታችን ክሪስታል ግን ከመነሻው አንድም የለውም። ከፊልሙ ገጽ አዲስ እስኪፈጠር ድረስ ይሸከማል። ለዛ ነው በጊጋፓስካል የሚሸነፈው (ወደ ቅርጹ እንዳይመለስ ሆኖ የሚለጠጠው)፤ የለሰለሰ እውነተኛ መዳብ በጥቂት አስር ሜጋፓስካል እጁን ይሰጣል። ፍጥነቱም ሌላ ነው። እኛ በሰከንድ የርዝመቱን አንድ ቢሊዮን እጥፍ በሚሆን ፍጥነት እንጎትተዋለን፣ ላብ ውስጥ በሰከንድ የርዝመቱ አንድ ሺህኛ አካባቢ ነው። ስለዚህ ሞዱለሱን ከላብ ጋር አወዳድሪ፣ የሚሸነፍበትን ስትሬስ ግን ተዪ።

የከዚራ ጥላ፦ ስለ መብራቱ። በዚህ ፍጥነት 10 በመቶ ለመጎተት 100 ፒኮሰከንድ ይበቃል፤ እርምጃው 1 ፌምቶሰከንድ ከሆነ 100,000 እርምጃ ነው። በየ5,000 እርምጃው ሪስታርት ፋይል (ካቆመበት የሚቀጥልበትን) አስጽፊ፣ ሁለት ስም ስጪውና እያፈራረቀ ይጻፍ። መብራቱ ፋይሉ እየተጻፈ ቢጠፋ እንኳ ሌላኛው ይተርፋል። ስትቀጥዪ ግን የመጀመሪያውን ርዝመት በቁጥር ጻፊው። አለበለዚያ የተጎተተውን እንደ መነሻ ይወስድና ስትሬንሽ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ላፕቶፑን ፍራሽ ላይ አድርገሽ ከሆነ ደግሞ አውርጂው። በድሬ ሙቀት ታፍኖ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሌሊት አስሪው።

የሳቢያኗ፦ በ1 1 1 አዞርኩት፣ 184 ሰጠኝ! መብራት አንዴ ጠፍቶ ነበር፣ ካቆመበት ቀጠለ። ጋሼ፣ ሽቦውንም ቤት ሞከርኩት። ሳይቀዘቅዝ ነክቼው ጣቴን ለበለበኝ።

ጡረተኛው፦ በመቆንጠጫ ይያዛል እንጂ ልጄ!