ከውጭ ዩኒቨርሲቲ የመጣ የመግባቢያ ሰነድ፦ ከመፈረማችን በፊት ምን እንጠይቅ?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። የማስተምርበት የሕክምና ትምህርት ቤት ከአንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሊፈራረም ነውና ረቂቁ ላይ አስተያየት እንድሰጥ ተጠይቄያለሁ። የእነሱ ተማሪዎች በየዓመቱ እየመጡ አራት አራት ሳምንት ዋርድ ላይ ይቆያሉ። ስለ እኛ ተማሪዎች ያለው ግን «ሁኔታዎች ሲፈቅዱ የልምድ ልውውጥ ይደረጋል» የሚል ብቻ ነው። ስምምነቱ እንዲቀር አልፈልግም። ምን ይጨመር?

የውስጥ ደዌ አስተማሪ፦
መጀመሪያ «ሁኔታዎች ሲፈቅዱ» የምትለዋን አስወጡ። ሁኔታዎች መቼ ፈቅደው ያውቃሉ? በዓመት ስንት ተማሪና ስንት ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥን ሐኪም) እንደሚሄድ፣ የትኬቱን፣ የቪዛውንና የማረፊያውን ወጪ ማን እንደሚችል በአባሪ ይጻፍ። ደግሞ እንግዳ ተማሪ ሲመጣ ራውንድ ላይ፣ ታካሚዎች በየአልጋቸው ሲታዩ፣ የሚያስረዳውም፣ ከታካሚው ጋር የሚያስተረጉምለትም የእናንተው ሬዚደንት ነው፤ ይህም ወጪ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዌይት» የተባለው የዓለም አቀፍ ጤና ሥልጠና የሥነ ምግባር መመሪያም የሁሉም ተቋማት እውነተኛ ወጪ ታውቆ እንዲተካ ይመክራል። እሱን ጠቅሳችሁ ጠይቁ።

ሬዚደንት፦
ዶክተር ያሉት ትክክል ነው፤ ግን ተማሪ መላክን ብቻ እንደ ትልቅ ድል አንየው። ወደ ሀብታም አገር የሚሄዱት ብዙ ጊዜ ታዛቢ ሆነው ነው፤ ታካሚ አይነኩም። ወደ እኛ የሚመጣው የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ግን ቁስል ልስፋ ይላል! «በአገሩ ያልተፈቀደለትን እዚህም አይሠራም» የሚል አንቀጽ የግድ ይግባ።

እኔ ብሆን አስተማሪ ላኩልን እላለሁ። የቶሮንቶና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች በ2003 እ.ኤ.አ. የጀመሩት የሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ሥልጠና እንዲህ ነው የተሠራው፦ የቶሮንቶዎቹ ለወር ያህል እየመጡ ከአዲስ አበባዎቹ ጋር ያስተምራሉ፣ ሬዚደንቱ ከአገሩ ሳይወጣ ስፔሻሊስት ይሆናል።

የምርምር ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፦
ምርምር አለበት? ካለ የደም ናሙና ከአገር ይወጣ እንደሆነ፣ መረጃው የት እንደሚቀመጥ፣ በጽሑፉ ላይ የማን ስም እንደሚገባ ለብቻው ስምምነት ይደረግበት። የእናንተ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳያጸድቅ ምንም አይጀመር፤ የእነሱ ማጽደቅ የእናንተን አይተካም።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ምርምሩ በአንድ መስመር ተጠቅሷል። ዲኑ የሚፈሩት ብዙ ከጠየቅን ትተውን ሌላ ጋ ይሄዳሉ ብለው ነው።

የውስጥ ደዌ አስተማሪ፦
እነሱም ለተማሪዎቻቸው ቦታ የሚፈልጉ ናቸው፤ ችሮታ አያድርጉት። የአሜሪካው ኢንዲያናና የኬንያው ሞይ ዩኒቨርሲቲ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አብረው ሲሠሩ ተማሪ የሚሄደው በሁለቱም አቅጣጫ ነው። ለዲኑ ይህን ያሳዩልኝ። ሁሉን በአንዴ ካልተቀበሉ ለሁለት ዓመት ፈርማችሁ፣ ከእድሳቱ በፊት አባሪው መፈጸሙ ይታይ።

ሬዚደንት፦
ድርድሩ ላይ ሬዚደንት ይገኝ እንጂ! ሸክሙ የሚያርፈው እኛ ላይ ነው።

ጠያቂ፦
እውነት ነው፣ አንድ ተወካይ እንዲገባ አስይዛለሁ። የተፈረመ አባሪ በእጁ ያለ ካለ ስሞቹን ሰርዞ ቢያካፍለኝ ደስ ይለኛል፤ በተለይ የወጪውን ክፍል።