ክርክር፦ ከብሮከራችን ጋር ስንጣላ ፍርድ ቤት የመሄድ መብት ይኑረን ወይስ የግልግል ዳኝነቱ ይበቃል?

አወያይ

አሜሪካ ውስጥ በትልልቅ ብሮከሮች፣ ማለትም ለደንበኛ አክሲዮን በሚገዙና በሚሸጡ ድርጅቶች በኩል አክሲዮን የገዛ ወይም የጡረታ አካውንት የከፈተ ሰው አንድ አንቀጽ ፈርሟል። ብዙዎቻችን አላነበብነውም። ጠብ ቢነሳ ፍርድ ቤት አልሄድም፣ በግልግል ዳኝነት እጨርሳለሁ የሚል ነው። ዳኝነቱን የሚያካሂደው ፊንራ ነው። ፊንራ በ2007 የተቋቋመ የብሮከሮች ተቆጣጣሪ ሲሆን የሚተዳደረው አባል ድርጅቶቹ በሚከፍሉት ገንዘብ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1987 ሺርሰን በተባለው ብሮከርና ማክማሆን በተባሉት ደንበኞቹ ክርክር እንዲህ ያለው አንቀጽ ይጸናል ብሎ ወስኗል። በ2010 ደግሞ ኮንግረስ በዶድ-ፍራንክ ሕግ፣ የአክሲዮን ገበያውን የሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኤስኢሲ አንቀጹን እንዲገድብ ወይም እንዲከለክል ሥልጣን ሰጠው። ኤስኢሲ እስካሁን አልተጠቀመበትም። ይጠቀምበት ወይ? ጥያቄው ይኸው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ይጠቀምበት እላለሁ። ወደ ትልቅ ድርጅት የምንሄደው ስሙን አምነን ነው። ሥራቸውን ግን እንይ። ሜሪል ሊንች የደንበኞችን ጥሬ ገንዘብ ለራሱ ትርፍ አውሏል ተብሎ በ2016 415 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ዌልስ ፋርጎ በ2020 35 ሚሊዮን ከፈለ። አማካሪዎቹ ገበያ ሲወድቅ የሚያተርፉ፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ የተሠሩ ፈንዶችን (የብዙ ሰው ገንዘብ በጋራ የሚውልባቸውን) ጡረተኞች ሳይቀሩ ለረጅም ጊዜ እንዲይዙ አድርገዋል ተብሎ ነው። ሞርጋን ስታንሊ በዲሴምበር 2024 15 ሚሊዮን ተቀጣ። አራት አማካሪዎቹ ከደንበኞች አካውንት ሚሊዮኖች ሲሰርቁ የሚይዛቸው በቂ ቁጥጥር አልነበረውም ተባለ።

እነዚህን ያወቅናቸው መንግሥት ስለከሰሰ ነው። እኔ ብከስ ግን ነገሩ በዝግ ክፍል ያልቃል። የአገሪቱ ሕግ የሰጠኝን ዳኛ አንድ አካውንት ለመክፈት ብዬ ለምን እተዋለሁ?

የሒሳብ ባለሙያዋ

ጋሼ፣ የጠቀሷቸው ቅጣቶች እውነት ናቸው። ነገር ግን የፊንራ ውሳኔዎች በድረ ገጹ ላይ ይወጣሉ፤ ማንም ገብቶ ያነባቸዋል። ችሎቱ ዝግ መሆኑ ልክ ነው፣ ውጤቱ ግን አይደበቅም።

እኔ የማየው የተራውን ሰው አቅም ነው። 30 ሺህ ዶላር የጠፋባት የነርሲንግ ሆም ሠራተኛ ለፌዴራል ፍርድ ቤት የሚሆን ጠበቃ ከየት ታመጣለች? ለዚህች ገንዘብ ብሎ ፋይሉን የሚይዝ ጠበቃ ማግኘት ከባድ ነው። ፊንራ ጋ እስከ 50 ሺህ የሚደርስ ክስ አንድ ዳኛ በወረቀት ብቻ አይቶ ይወስነዋል፤ ደንበኛዋ ከፈለገች ቀርባ መናገር ትችላለች። ከ100 ሺህ በላይ ሲሆን ሦስት ዳኞች ይሰየማሉ። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ ሦስቱም ከብሮከሮች ዓለም ውጪ የሆኑ ሰዎች እንዲሆኑ ደንበኛው መምረጥ ይችላል። ድርጅቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልከፈለ ፊንራ ሊያግደው ይችላል። ፍርድ ቤት ቢሆን ይግባኝ እያለ ዓመታት ያጉላላል።

ከዳላስ

እህቴ፣ የሚወጣው ውሳኔ እኮ ምክንያት የለውም። ሁለቱም ወገኖች ቀድመው ተስማምተው ካልጠየቁ በስተቀር ዳኞቹ ለምን እንደዚያ እንደወሰኑ አይጽፉም። ዛሬ አንዲት ሴት ብታሸንፍ፣ ነገ ያው የደረሰበት ሌላ ሰው ያንን ውሳኔ ይዞ መከራከር አይችልም። ዳኞቹ ሕጉን በስህተት ተረድተውት ቢሆንም እንኳ ማስሻር እጅግ ከባድ ነው። ፍርድ ቤት የሚቀበለው ማጭበርበር፣ ግልጽ አድልዎ፣ እንደዚህ ያለ ነገር ከተረጋገጠ ነው።

የእናቴን ልንገራችሁ። ሆቴል አልጋ እያነጠፈች ያጠራቀመችውን የፎርኦዋንኬ (በአሠሪ በኩል የሚጠራቀም ጡረታ) ገንዘብ፣ ስሙ የታወቀ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ አማካሪ አኒዩቲ ውስጥ ከተተባት፤ በኋላ በየጊዜው ገቢ ይከፍላል ተብሎ ከኢንሹራንስ ድርጅት የሚገዛ ውል ነው። ልጁ የኛው ሰው ነው። በአማርኛ ነው ያስረዳት፣ «እትዬ» እያለ። ቀድማ ካወጣች ከባድ መቀጮ እንደሚቆረጥባት ግን አልነገራትም። እሷ ለቀዶ ሕክምና ገንዘቧን ስትፈልግ ነው ያወቅነው። እሱ ኮሚሽኑን በልቷል። በመጨረሻ ድርጅቱ የተወሰነውን መልሶ፣ ዝርዝሩን ለሰው አናወራም ብለን ፈርመን ተለያየን። አሁንም ያናድደኛል።

ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2019 የታተመ የሦስት ተመራማሪዎች ጥናት አለ። ከአሜሪካ የገንዘብ አማካሪዎች 7 በመቶ ያህሉ የጥፋት መዝገብ አለባቸው። በአንዳንድ ትልልቅ ድርጅቶች ቁጥሩ ከ15 በመቶ ያልፋል። ካጠፉት መካከል ግማሽ ያህሉ ሥራቸውን ያጣሉ። ሥራ ካጡት ውስጥ ግን 44 በመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ እዚያው ሙያ ውስጥ ይቀጠራሉ። አንዴ ያጠፋ ሰው ደግሞ እንደገና የማጥፋት ዕድሉ ከሌላው አምስት እጥፍ ነው። ከሁሉ ያመመኝ ጥፋቱ የሚበዛበት ቦታ ነው፤ አረጋውያን የሚበዙበትና ትምህርት ዝቅ ያለበት አካባቢ። የእኛ እናቶችና አባቶች እዚያ ውስጥ ናቸው።

ከቦሌ

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጃንዋሪ 2025 ሥራ ስለጀመረ ይህ ነገር ለእኛም ቀርቧል። ውሎቻችን ገና እየተቀረጹ ነው። እዚህ ሰው «አሜሪካ እኮ ኢንሹራንስ አለው፣ ገንዘብህ አይጠፋም» ሲል እሰማለሁ። የዳላሷን እህት እናት ኢንሹራንሱ ለምን አልረዳቸውም?

የሒሳብ ባለሙያዋ

ሲፒክ የሚባለውን ማለትህ ነው። እስከ 500 ሺህ ዶላር ይሸፍናል፤ ከዚህ ውስጥ ለጥሬ ገንዘብ የሚሆነው እስከ 250 ሺህ ነው። የሚሠራው ግን ድርጅቱ ሲወድቅና የደንበኛው ንብረት ሲጎድል ነው። ለመጥፎ ምክር አይከፍልም። አክሲዮኑ ስለወረደም አይከፍልም። ሰው ይህን ሳያውቅ ተማምኖ ይቀመጣል።

ዳላስ ያለሽው እህቴ፣ በእናትሽ በጣም አዝኛለሁ። የነገርሽን ግን የቁጥጥርና የመዝገብ ችግር ነው፤ ዳኛው ቢቀየር አይድንም። ብሮከርቼክ በሚባለው የፊንራ ድረ ገጽ ላይ የአማካሪን ስም ፈልጎ የቅሬታ መዝገቡን በነጻ ማየት ይቻላል። አማካሪዎች መዝገባቸውን በቀላሉ ያስፍቁ የነበረው ደግሞ ከኦክቶበር 2023 ወዲህ ከብዷል። አሁን ለዚሁ የሠለጠኑ ሦስት ዳኞች በሙሉ ድምፅ መስማማት አለባቸው። ግልግሉ እንደሚሠራም የፖርቶ ሪኮን ጉዳይ ተመልከቱ። በ2013 የደሴቲቱ ቦንዶች (የመንግሥት የብድር ሰነዶች) ዋጋ ሲወድቅ የስዊዙ ባንክ ዩቢኤስ በሸጠላቸው ፈንዶች ጡረታቸው የተመታባቸው ሰዎች በብዛት ፊንራ ጋ ከሰሱ። ብዙዎች ገንዘብ አስመልሰዋል፤ ዳኞቹ ትልልቅ ካሳ የወሰኑላቸውም አሉ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ልጄ፣ ግልግሉን እናፍርሰው አላልኩም። እንዲህ ጥሩ ከሆነ ሰው ወዶ ይሂድበት። ጠቡ ከተነሳ በኋላ ደንበኛው ይምረጥ። ከጠቡ በፊት፣ ገና ሲተዋወቁ፣ መብትን ማስፈረም ነው የማልቀበለው። ሰው በዚያ ሰዓት የሚያስበው ስለ ትርፍ ነው፤ ክስ በሐሳቡም የለም።

ከዳላስ

ጋሼ እንዳሉት ለማድረግ አዲስ ተቋም እንኳ አያስፈልግም። አሁን ባለው የፊንራ ደንብ ደንበኛው ግልግል ከጠየቀ፣ ውል ባይኖርም ድርጅቱ የመቅረብ ግዴታ አለበት። አንቀጹ ነገ ቢሰረዝ የነርሲንግ ሆም ሠራተኛዋ የወረቀት ዳኝነቷን አታጣም። የሚጨመርላት ሁለተኛ በር ነው። አንቀጹ የሚጠቅመው ድርጅቱን ብቻ ነው ማለት ነው።

የሒሳብ ባለሙያዋ

ደንቡ እንደዚያ ይላል፤ ጠንካራ ነጥብ ነው። የእኔ ስጋት ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። በ2016 ሌበር ዲፓርትመንት (የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር) የጡረታ ገንዘብ አማካሪ የደንበኛውን ጥቅም ያስቀድም የሚል ደንብ አወጣ። ደንበኞች በጋራ ፍርድ ቤት እንዲከሱም በር ይከፍት ነበር። ያኔ ሜሪል ሊንች በኮሚሽን የሚሠሩ አዳዲስ የአይአርኤ (ሰው በግሉ የሚከፍተው የጡረታ) አካውንቶችን አቆማለሁ አለ። ደንቡን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2018 ሻረው። ክስ ሲበዛ ድርጅቶቹ ትንሽ ገንዘብ ያለውን ደንበኛ ይገፉታል ብዬ እፈራለሁ። የሚገፉት ደግሞ የኛን ሰው ነው።

ከዳላስ

ስጋቱ ይገባኛል። ሆኖም የትልቁን ብሮከር የቻርልስ ሽዋብን ነገር እናስታውስ። በ2011 ደንበኞቹ በጋራ እንዳይከሱ የሚከለክል አንቀጽ ውሉ ውስጥ ጨመረ። ፊንራ ራሱ ከሰሰው፤ ሽዋብ በ2014 ተሸንፎ 500 ሺህ ዶላር ተቀጣ። በጋራ የመክሰስ መብት ዛሬም ፍርድ ቤት ውስጥ አለ። ታዲያ ሽዋብ ትንንሽ ደንበኞቹን ገፋ? በኦክቶበር 2019 በኢንተርኔት አክሲዮን የመግዣና የመሸጫ ኮሚሽኑን ዜሮ አደረገ። ሌሎቹም ተከተሉት። የጋራ ክስ በሩ ተከፍቶ ይህ ከሆነ፣ እናቴ ለብቻዋ የምትገባበት በር ለምን ይዘጋል?